የማጀት ቅመምና የማስታወስ ኃይል፦ ከጎጃም ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከፍኖተ ሰላም፣ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከዳንግላና ከሞጣ የተላኩልን ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ እርድ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጥቁር አዝሙድና ሌላውም የማጀት ቅመም አእምሮን ከመርሳት ይጠብቃል ወይ? መልሶቹን የሰጡት የአምዱ የሥነ ምግብና የመድኃኒት ባለሙያዎች ናቸው። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ቅመም የመርሳት በሽታን አይፈውስም። ለአእምሮ ትልቁ ጥቅሙ ጨው ቀንሰን፣ ጎመንና ጥራጥሬ አብዝተን እንድንበላ ማስቻሉ ነው። ጉዳት የሚመጣው ከወጥ ድስት ወጥቶ በማንኪያ የሚዋጥ፣ በጠብታ የሚጠጣ መድኃኒት ሲደረግ ነው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ከአምና ጀምሮ ገንዘብ ያስቀመጠችበት ይጠፋባታል፤ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ትጠይቃለች። ጎረቤቶቻችን «እርድ በወተት አፍልታችሁ ቁንዶ በርበሬ ጣል አድርጋችሁ ስጧት» ብለውን፣ ጠዋት ጠዋት አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ እየበጠበጥን እንሰጣታለን። በጾም ደግሞ በውኃ። ይረዳታል? መጠኑስ ልክ ነው?

መልስ፦ መጠኑ በዝቷል። ከመጠኑ በላይ የሚያሳስበን ግን እናትዎ እስካሁን አለመመርመራቸው ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን ነው። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ያህል ስለሚመዝን 90 ሚሊ ግራም ገደማ ኩርኩሚን ይገኝበታል ማለት ነው። ያንንም አንጀት በቀላሉ አይቀበለውም፤ ወደ ደም የገባችውን ጥቂት ደግሞ ጉበት ፈጥኖ ያስወግዳታል። ቁንዶ በርበሬ ይጨመርበት የሚባለው ለዚህ ነው። በ1998 (የጥናቶቹ ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት ፒፔሪን የተባለው የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር 20 ሚሊ ግራም ሲጨመር ወደ ደም የሚገባው ኩርኩሚን 20 እጥፍ ጨምሯል። ጎረቤቶችዎ በዚህ በኩል አልተሳሳቱም። ነገር ግን ፒፔሪን የሌሎች መድኃኒቶችንም መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው ካለ በየቀኑ ይህን መጠጥ አይስጡት።

አእምሮን በተመለከተ ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን ማየት ይበጃል። በ2018 በሎስ አንጀለስ የወጣው ጥናት የመርሳት በሽታ የሌለባቸውን፣ ከ51 እስከ 84 ዓመት የሆኑ 40 ሰዎች ለ18 ወራት ተከታትሏል። 90 ሚሊ ግራም ኩርኩሚን በቀን ሁለት ጊዜ የወሰዱት በማስታወስ ፈተና ተሻሽለዋል። የወሰዱት ግን በቀላሉ ወደ ደም እንዲገባ ተደርጎ በፋብሪካ የተሠራ ነው፤ በወተት የተበጠበጠ ዱቄት ያንን አይተካም። በ2012 የወጣው ጥናት ደግሞ አልዛይመር የተባለው የተለመደው የመርሳት በሽታ የያዛቸውን 36 ሰዎች ወስዶ ለ24 ሳምንታት በቀን 2 ወይም 4 ግራም ኩርኩሚን ሰጣቸው፤ ለውጥ አልታየም። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ እርድ ይመልሰዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ እንግዲህ ማስረጃ የለውም።

እርድ ከቤት ይውጣ አንልም። ለቤተሰብ በሚሠራ የአልጫ ድስት ከግማሽ እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። ሽንኩርቱ በዘይት ከተቁላላ በኋላ ይጨምሩት፤ ኩርኩሚን በውኃ ሳይሆን በቅባት ይሟሟል። በጾም በውኃ የምትሰጡት አብዛኛው ሳይጠቅም ያልፋል። የሐሞት ጠጠር ያለበት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በማንኪያ አይዋጠው። በእንክብል መልክ የሚሸጠውም ጉበታቸውን የጎዳቸው ሰዎች አሉ።

ሲገዙም ይጠንቀቁ። በ2019 በባንግላዴሽ የተሠራ ምርመራ፣ ነጋዴዎች እርዱ እንዲያንጸባርቅ እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም ይቀቡት እንደነበር አጋልጧል። እርሳስ አእምሮን የሚመርዝ ብረት ነው፤ ሕፃናትን ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። አእምሮ ለመጠበቅ ብሎ እርሳስ መጠጣት ያሳዝናል። ቀለሙ በዓይን አይለይም። ስለዚህ የተፈጨ ከመግዛት ይልቅ ቆዳው ሻካራና ደብዛዛ ቡናማ የሆነውን ድፍኑን ሥር ይምረጡ፤ ከላይ ተወልውሎ ደማቅ ቢጫ የሚያበራውን ይተዉ። አጥበው አድርቀው ያስፈጩት።

አሁን ወደ እናትዎ። መርሳት ሁሉ የእርጅና ወይም የአልዛይመር አይደለም፤ ታክሞ የሚድን አለ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አንዱ ነው። ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ስለሚገኝ ዓመቱን ሙሉ አጥብቀው በሚጾሙ አረጋውያን ሊያንስ ይችላል፤ ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት በወሰደ ሰው ላይም ያንሳል። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ድብርት፣ የጆሮ መድከም፣ የደም ማነስ፣ ያልታከመ ቂጥኝና ኤች አይ ቪም መርሳት ያመጣሉ። ከወራት በፊት ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው እንደሆነም ይጠይቁ፤ በአረጋውያን ከራስ ቅል ሥር ደም ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱና ሐኪሙ ስለ እነዚህ እንዲያያቸው ይጠይቁ። መርሳቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተያዘ ወይም አንድ ጎን ከከበደ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ያኔውኑ ይውሰዷቸው።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)፦ የጥብስ ቅጠል ዘይት ማሽተት ለፈተና ያነቃቃል ሲባል ሰማሁ። ጓደኞቼ በሻይ ላይ ጠብ አድርገው ይጠጡታል። እውነት ይሠራል?

መልስ፦ ማሽተቱ ጥቂት መሠረት አለው፤ መጠጣቱን ግን ዛሬውኑ ተዉት።

ሮዝሜሪ የሚባለው ይህ ቅጠል ሲኒዮል የተባለ መዓዛማ ንጥረ ነገር አለው፤ ሲሸተት በሳንባ በኩል ወደ ደም ይገባል። በእንግሊዝ ኖርዘምብሪያ ዩኒቨርሲቲ በ2012 በ20 ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ በደማቸው ውስጥ ሲኒዮል ከፍ ያለባቸው ሰዎች በአእምሮ ሥራ ፈተና የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ከዚያ በፊት በ144 ሰዎች የተሠራው ደግሞ የሮዝሜሪ ሽታ ባለበት ክፍል የተቀመጡት የማስታወስ ጥራታቸው ሲሻሻል ፍጥነታቸው ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ሰዓት በሚያሳድድ ፈተና ላይ ይህ ለውጥ ያዋጣል ወይ የሚለውን ራስህ መዝነው።

በመብላት በኩል ያለው ውጤት ይበልጥ ያስተምራል። በ2012 በአማካይ 75 ዓመት የሆናቸው 28 ሰዎች የተፈጨ የደረቀ ሮዝሜሪ በተለያየ መጠን ተሰጣቸው። 750 ሚሊ ግራም፣ ማለት የሻይ ማንኪያ ግማሽ ገደማ የወሰዱ ጊዜ ነገር የማስታወስ ፍጥነታቸው ተሻሻለ። 6,000 ሚሊ ግራም ሲወስዱ ግን ተባባሰ። የጠቀመው ለጥብስ ከምንጨምረው ጋር የሚቀራረበው መጠን ነው፤ ሲበዛ ጎዳ።

ዘይቱ ከቅጠሉ እጅግ የተጠናከረ ነው። ካምፎር ስላለበት ሲጠጣ ሆድን ያቃጥላል፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው ይችላል። ማሽተት ካስፈለገ እርጥብ ቅርንጫፍ በመዳፍ አሽቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ሻይ ከሆነ ደግሞ በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ 5 ሳንቲ ሜትር የምትሆን አንዲት ቅርንጫፍ ከትተህ ከድነህ 5 ደቂቃ ተው። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ ሮዝሜሪ ማሽተት ዋጋ የለውም፤ ቀን የተጠናው በአእምሮ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ)፦ ልጄ ቅኔ ቤት ገብቷል። አንዳንድ ሰዎች «አብሾ ካልጠጣ ቀለም አይገባውም» ይላሉ። እሱም ቅጠል እንጂ ሌላ አይደለም፤ ከቅመም በምን ይለያል?

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ አብሾ እንዳይጠጣ አጥብቀን እንለምንዎታለን።

አብሾ የሚዘጋጀው በየቦታው አስተናግር ወይም ዕፀ ፋሪስ ከሚባለው ተክል ነው። ይህ ተክል አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለው። አእምሯችን አዲስ ነገር የሚይዘው አሴቲልኮሊን በተባለ መልእክተኛ ንጥረ ነገር እየታገዘ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ያንን መልእክት ይዘጋሉ። ተመራማሪዎች አንድ መድኃኒት መርሳትን ይከላከል እንደሆነ ሊፈትኑ ሲሹ፣ መጀመሪያ ለጊዜው መርሳት ለማምጣት የሚሰጡት ይህንኑ ስኮፖላሚን ነው። ለአልዛይመር የሚታዘዘው ዶኔፔዚል በበኩሉ አሴቲልኮሊን እንዳይባክን ያደርጋል። አብሾ የሚሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው። የጠጣው ልጅ የሚያየው ራእይና የሚናገረው ብዙ ንግግር ከመመረዝ የሚመጣ ነው፤ አእምሮ ተከፈተ ማለት አይደለም።

መጠኑን ማንም ሊቆጣጠረው አይችልም። የመርዙ ኃይል ከተክል ተክል፣ ከፍሬ ፍሬ ይለያያል፤ አንዱን ያላስነካ ሌላውን ይገድላል። ምልክቶቹ የአፍ መድረቅ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ የቆዳ መጋልና መቅላት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ሽንት መከልከል፣ መቃዠትና መደናበር ናቸው። እንዲህ የሆነ ልጅ ካጋጠመ እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ የተረፈውን ፍሬ ወይም ቅጠል ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

ይህን መንገድ የሚዘጉ መድኃኒቶች በየቤቱም አሉ። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚወሰዱት የድሮ ዓይነት ክኒኖች፣ ለምሳሌ ክሎርፌኒራሚን፣ እንዲሁም ለድብርት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን አረጋውያንን ያደናብራሉ። አያት ድንገት መርሳት ካበዙ የመድኃኒት ዕቃቸውን መፈተሽ የሚገባው ለዚህም ነው።

ቅኔ ቤቱ ራሱ ጥሩ የማስታወሻ ዘዴ አለው። ተማሪው የሰማውን በቃሉ ይደግመዋል፤ ማታ ይከልሰዋል፤ ነገ በመምህሩ ፊት ይወጣዋል፤ ከቀናት በኋላ እንደገና ይጠየቃል። ተከፋፍሎ የተደገመና ከራስ ተፈልጎ የወጣ ነገር እንደሚጸና የትምህርት ጥናቶችም አረጋግጠዋል። ልጁን የሚጎዳው ረኃቡ ነው። ስንቅ ሲልኩለት በሶ፣ የሽምብራና የባቄላ ቆሎ፣ ከተቻለ የደረቀ ዓሣ ያክሉበት። ጨው ደግሞ አዮዲን ያለበት ይሁን፤ አዮዲን ማነስ በጽንስና በልጅነት ዘመን የአእምሮ እድገትን ይጎዳል። አዮዲን በሙቀትና በእርጥበት ይጠፋልና ጨውን በክዳን ዕቃ፣ ከምድጃ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ወጥ ላይም መጨረሻ ላይ ጨምሩ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ባለቤቴ የደም ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ ጨው ቀንሱ ብሏል፤ ጨው የቀነሰ ወጥ ግን አልጣፍጥ ብሏቸው እንጀራውን ትተው ይነሣሉ። አባታቸው በስትሮክ ነው የሞቱት። በቅመም መተካት ይቻላል? እንዴት?

መልስ፦ ይቻላል፤ ቅመም ለአእምሮ የሚሠራው ትልቁ ሥራም ይኸው ነው። ከፍ ያለ የደም ግፊት የአንጎልን ቀጫጭን ደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይዘጋል። ስትሮክ ባይመጣ እንኳ ማስታወስና ማሰብ ይደክማሉ። በ2019 በአሜሪካ የወጣ፣ ከ9,000 በላይ ሰዎችን የያዘ ጥናት የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች ለማውረድ የታከሙት፣ 140 ግብ ከተደረገላቸው ይልቅ መለስተኛ የአእምሮ መድከም 19 ከመቶ ያህል ቀንሶላቸዋል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 የዘረዘራቸው ሊቀነሱ የሚችሉ የመርሳት በሽታ መንስኤዎች 14 ሲሆኑ ግፊት ከእነርሱ አንዱ ነው። ክኒኑ ግን በቅመም አይተካም፤ ጨው እየቀነሱም ይቀጥሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል፤ ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጥቂት ጎደል ያለ ነው። በቤታችሁ ስንት እንደሚበላ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። የአንድ ኪሎ ጨው ፓኬት ሲከፍቱ ቀኑን ይጻፉበት። ለአምስት አዋቂዎች በቀን 25 ግራም ከሆነ ኪሎው 40 ቀን ሊቆይ ይገባል። በ20 ቀን ካለቀ ሁለት እጥፍ እየበላችሁ ነው። ዳቦ፣ የወጥ ማጣፈጫ ኩብ፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል፤ ሴትየዋ ወጥ ስትሠራ ደግሞ እንደ አዲስ ትጨምራለች። በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬና ሽሮ ስታስፈጩ ጨው አታግቡበት። ጨው ከሻጋታም ይከላከል ስለነበር በርበሬው በደንብ መድረቁን ያረጋግጡ፤ እርጥበት በማይገባበት ዕቃ ይክደኑት።

ለወጥ ማጣፈጫ የሚሆን ጨው አልባ ቅመም እንዲህ ይዘጋጃል። በሻይ ማንኪያ የደረቀ በሶብላ 4፣ ጦስኝ 2፣ የደረቀ የጥብስ ቅጠል 1፣ ከእንቡጡ የተፈለፈለ የኮረሪማ ፍሬ 2፣ ድንብላል 2፣ ነጭ አዝሙድ 1፣ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ። ፍሬዎቹን ብቻ በለስላሳ እሳት ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አመስ አመስ ያድርጉ፤ ሽታቸው ሲወጣ ያውርዱ። ከጨሱ መረሩ ማለት ነው፣ ይጣሉ። ቅጠሎቹን እሳት አያስነኳቸው፤ መዓዛቸው ጢስ ሆኖ ይሄዳል። ፍሬው ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ ይውቀጡ ወይም ይፍጩ። ትኩሱ ከተፈጨ ወዝ ያወጣና ይጓጉላል። በወንፊት ነፍተው በጠርሙስ፣ ከብርሃንና ከምድጃ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ሁለት ወር የሚበቃ ብቻ ያዘጋጁ፤ የተፈጨ ቅመም መዓዛው ቶሎ ይሄዳል።

ለአምስት ሰው ድስት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የሚጨመረው ወጡ ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ከዚያ ድስቱ ይከደን። ቀድሞ ከገባ ሽታው ጎረቤት ይደርሳል እንጂ ወጡ ላይ አይቀርም። ሳህን ላይ ከቀረበ በኋላ ጥቂት ሎሚ መጭመቅም የጨው እጥረቱን ይሸፍናል። የጥብስ ቅጠሉ ከተባለው ከበለጠ ሌላውን ሁሉ ይውጥና ወጡ መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

ጨውን በአንድ ቀን አይቁረጡት። ባለቤትዎ እንጀራ ትተው የሚነሡት ለዚህ ይመስለናል። በየሁለት ሳምንቱ ከሚጨምሩት ሩቡን ይቀንሱ። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል፤ ከለመደ በኋላ የድሮው ወጥ ራሱ ይጨውበታል። ማዕድ ላይ የጨው ዕቃ አይቀመጥ።

ቅቤም ይታይ። ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ ያለበት የተነጠረ ቅቤ መዓዛው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ ሲበላ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ እሱም ከ14ቱ አንዱ ነው። ቅቤውን ለበዓልና ለእንግዳ አድርገው በአዘቦቱ በአገራችን የኑግ ዘይት ይሥሩ፤ ቅመሞቹ በዘይትም መዓዛቸውን ይሰጣሉ።

ጎመንን ግን አብዙ። በቺካጎ ራሽ ዩኒቨርሲቲ 960 አረጋውያንን ተከትሎ በ2018 በወጣ ጥናት፣ በቀን አንድ ጊዜ ያህል ቅጠላ ቅጠል የሚበሉት ከማይበሉት ይልቅ አእምሯቸው የደከመው በዝግታ ነው፤ ልዩነቱ በዕድሜ 11 ዓመት ያህል እንደ ማነስ ነበር። ይህ የሚበሉትን ከማይበሉት በማነጻጸር የተገኘ ስለሆነ ጎመኑ ብቻውን ይህን አደረገ አያሰኝም። በ2023 የወጣው፣ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ቅጠልና ጥራጥሬ የበዛበትን ምግብ ለሦስት ዓመት የፈተነው ጥናት በሁለቱ ወገን መካከል ግልጽ ልዩነት አላገኘም። ያም ሆኖ ግፊትና ስኳር ላለበት ሰው ጎመን ይበጃል። ለልጅ እጅ እጅ የሚለው ጎመን ከላይ ባለው ቅመም፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ሲሠራ ይበላል።

አንድ ነገር እንጨምር። ያንኑ ወጥ የሚያቁላሉት መስኮት በሌለው ማድ ቤት ከሆነ ጭሱም ከ14ቱ መካከል በተጠቀሰው የአየር ብክለት ውስጥ ይገባል። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ፣ ቢያንስ ከምድጃው በላይና በር ትይዩ ሁለት ቀዳዳ፣ ከማንኛውም ቅመም በፊት ይቀድማል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ የጥብስ ቅጠል በጓሮዬ ተክዬ ሐምሌ ላይ ይጠወልጋል። በሶብላውም ደርቆ ከተቀመጠ በኋላ ሽታ የለውም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የጥብስ ቅጠሉን የሚገድለው ውኃ ነው። ክረምቱ ሲጠነክር ጥቁር መረሬ አፈር ውኃ ይቋጥራል፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ጠማው ብሎ የሚያጠጣ ሰው ይበልጥ ያፈጥንበታል። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርተው ከአፈሩ እኩል አሸዋ ቀላቅለው ይትከሉ። ለዘር የማያበበ ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ያራግፉና በአሸዋና በብስባሽ ውስጥ ጥላ ላይ ይሰኩት። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሥር ይሰድዳል። መስከረም ላይ ቢጀምሩ ክረምት ሲመጣ ሥሩ ጠንክሮ ይጠብቀዋል። ከተክሉ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አይቁረጡ።

በሶብላው በፀሐይ ደርቆ ወይም ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ይመስላል። አበባው መታየት ሲጀምር ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይቁረጡት። በሰፌድ ላይ ስስ አድርገው በጥላ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይዘርጉት፤ በየቀኑ ያገላብጡት። ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተልመጠመጠ ገና ነው፣ ቢከደን ይሻግታል። ሳይፈጩ በጠርሙስ ያስቀምጡና ወጥ ላይ ሲጨምሩ በመዳፍ ይሹት። ታሽቶ የማይሸት ከሆነ ጊዜው አልፏል። ከእርጥቡ 3 ማንኪያ ለሚያስፈልግ ወጥ ከደረቀው 1 ይበቃል።

አጫጭር ጥያቄዎች

*ጥቁር አዝሙድ በማር ለማስታወስ ይረዳል?* በባንግላዴሽ በ2013 የወጣ ጥናት 40 አረጋውያንን ይዞ ነበር። 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ9 ሳምንት የወሰዱት በማስታወስና በትኩረት ተሻሽለዋል። ጥናቱ ትንሽና አጭር ስለሆነ ቃል አንገባበትም። በዳቦና በድፎ ላይ መነስነሱ ግን መልካም ነው። የስኳር በሽተኛ ማሩን ይተው።

*ነጭ ሽንኩርት ልጬ በዘይት ዘፍዝፌ ወር ሙሉ ብጠቀምስ?* አይሆንም። አየር በማያገኝ ዘይት ውስጥ በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም አያስታውቅም። የዕለቱን በዕለቱ ይላጡ። ከደቆሱት በኋላ 10 ደቂቃ ቆይተው ድስት ውስጥ ቢጨምሩት አሊሲን የተባለው ንጥረ ነገር እሳት ሳያገኘው ይፈጠራል።

*ለልብ ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን እወስዳለሁ፤ ጎመን ልተው?* አይተዉ። የሚያስቸግረው መዋዠቁ ነው። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው በጾም ወቅት በድንገት ሲበዛ መድኃኒቱ ይዳከማል፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ደም ይቀጥናል። በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ይብሉ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባና ሲወጣ ለሐኪሙ ነግረው ደምዎን ያስለኩ። እርድ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በወጥ ልክ ችግር የለባቸውም፤ በእንክብልና በጭማቂ ግን አይውሰዱ።

*ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ቡናዬ ላይ ጤና አዳም አደርጋለሁ።* እስኪወልዱ ይተዉት። ጤና አዳም ማሕፀንን የሚያኮማትር ጠባይ አለው፤ ፍሬው ደግሞ ከቅጠሉ ይበልጣል። በርበሬ ሲያስፈጩም ለጊዜው የጤና አዳም ፍሬ እንዳይገባበት ለሚያዘጋጁልዎ ይንገሩ።